በቻርጀር ገመድ የተለካ ቀሚስ

ዛሬ ጠዋት ቡሬ ያለውን ሱቄን ከፍቼ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ውኃ እየረጨሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የማላውቃት ሴት ናት። ከራሴ የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ የቆየ ፎቶ አንሥታ መልሳ ልካልኝ ከሥሩ «ወንድሜ፣ ይሄ አለ?» ብላለች። ፎቶው ላይ ነጭ ቀሚስ ፍኖተ ሰላም በነበረው ቤታችን በር ላይ ተሰቅሏል። ከአንገቱ እስከ እግሩ የወረደው ጥልፍ ቢጫ ነው። «የለም» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «አለ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። ስልኩን በጨርቅ ክምር ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ።

በደጄ በርበሬ የጫኑ ጋሪዎች ያልፋሉ። በዚህ ወቅት የቡሬ ገበያ ቀን አየሩ ራሱ ያስነጥሳል፤ ዐይኑ የቀላ ሰው አይቶ ምን ሆነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለኔ ዛሬ ይህ ጥሩ ሆነልኝ።

ያን ቀሚስ ስሰፋ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስፌት ማንም አላስተማረኝም። እናቴ በእጅ የምትዘወር የስፌት መኪና ነበረቻት፤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትጠግንበታለች። ጥልፉን ግን የተማርኩት አሮጌ ቀሚሶች እየተረተርኩ ነው። ጥልፍ ከፊት ለፊት ሲያዩት ዝም ይላል። ገልብጠው ሲያዩት ግን ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ተቋጠረ፣ ሰፊው የት ላይ እንደ ቸኮለ፣ የት ላይ ተነሥቶ እንደ ሄደና በማግስቱ እንደ ተመለሰ ሁሉንም ይናገራል። እኔ ብዙ የማላወራ ልጅ ስለ ነበርኩ ይሆናል፣ ይህ የጀርባው ወሬ ይጥመኝ ነበር። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ እጠልፋለሁ፤ አንድ ጣት ከሳተብኝ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ጎረቤቶቻችን ይስቁብኝ ነበር። «ይበልጣል፣ ለሠርግህ ጥሎሹንም አንተው ልትሰፋው ነው?» ይሉኛል። እናቴ ከውስጥ ሆና «ባይሆን ሚስቱ አትራቆትም፤ የናንተን እንጃ!» ብላ ትመልስላቸዋለች።

ቻናሉን የከፈትኩት ለጨዋታ ያህል ነው። «መርፌና ክር» አልኩት። የመጀመሪያዎቹ ተከታዮቼ የአክስቶቼ ልጆች ነበሩ፤ እነሱም የሚጽፉልኝ ስለ ጥልፉ ሳይሆን መቼ ነው የምትመጣው ብለው ነው። ቀስ በቀስ ግን ከባሕር ዳር አንዲት ሴት የትራስ ልብስ አዘዘች፤ እሷ ለጓደኛዋ ነገረች፤ ከአዲስ አበባ ነጠላ የሚያስጠልፍ መጣ። ሥራውን በላስቲክ ጠቅልዬ መነኸሪያ እወስድና ለሚኒባስ ረዳት እሰጣለሁ። ረዳቱ «ዕቃው ምንድን ነው?» ሲለኝ «ቀሚስ ነው» እለዋለሁ፤ «ለማን?» ሲለኝ «አላውቃትም» እለዋለሁ። በጣም ያስቀው ነበር።

የሻረግ የጻፈችልኝ ጥቅምት ላይ ነው። በስሟ አጠገብ የነበረው ሥዕል የእመቤታችን እንጂ የራሷ አልነበረም፤ ስለዚህ መልኳን እስከ መጨረሻው አላየሁትም። የሽንዲ ገጠር ልጅ ናት፤ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ስትጽፍ ፊደሉ ስለሚያስቸግራት በድምፅ ነበር የምትልክልኝ። ከጀርባዋ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ይንሿሿል።

«ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ድምፄን ቀንሼ ነው፤ ማዳም ሳሎን ናት። ቀሚስ እፈልጋለሁ። ለዛሬ አይደለም፣ ለመጪው ዓመት ነው፤ ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ። በሰው አገር የለበስኩትን ለብሼ እናቴ ፊት አልቆምም። ቀሚሱ ቀድሞኝ እናቴ ቤት ይቀመጥልኝ። ከበር ስገባ በእጃቸው ያለብሱኛል።»

«ጥልፉ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?» አልኳት።

«ቢጫ።»

«አደይ አበባ ላድርገው?»

«አደይማ ለሁሉም ያብባል፤ ኑግ አድርግልኝ። የኛ ማሳ በጥቅምት ኑግ ነው፤ ከበራችን እስከ ወንዙ። ስሄድ እሱን እያየሁ ነው የወጣሁት።»

እኔ ደግሞ ቢጫ ሁሉ አንድ ነው ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ሦስት ዓይነት ቢጫ ክር በኪሴ ይዤ ከከተማ ወጣሁና አንድ የኑግ ማሳ ዳር ቆሜ ክሩን ከአበባው ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ባለማሳው ከሩቅ ሲያየኝ ቆይቶ መጣና «ምን ጠፋብህ ወንድም?» አለኝ።

«ቀለም እየፈለግሁ ነው።»

«ከኑግ ዘይት እንጂ ቀለም አይወጣም» አለኝ፤ ግን አልሄደም፤ አጠገቤ ቆሞ ከሦስቱ አንዱን በጣቱ ጠቆመኝ። እኔ ግን ሁለቱን ወሰድኩ፤ የአበባው ቅጠል ወደ መሐል ሲጠጋ እንደሚጠቁር ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት።

ልኳን ስጠይቃት ሳቀች። «ሜትር ከየት አመጣለሁ? እዚህ ቤት ያለው የኔ ነገር አንድ ስልክና የቻርጀሩ ገመድ ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን በገመዱ ለክታ ላከችልኝ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ የገመዱ ግማሽ፣ አራት ጣት ሲቀነስ። ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አንድ ሙሉ ገመድ። ደረቷ፣ ክንዷ፣ ሁሉም በገመድና በጣት። የስልኳን ዓይነት ጠየቅኋትና ፍኖተ ሰላም ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ የዚያን ስልክ ገመድ ገዛሁ።

«ያንተ ስልክ ሌላ ነው፤ ይሄ አይገባልህም» አለኝ ባለሱቁ።

«ለስልክ አይደለም፤ ቀሚስ ልሰፋበት ነው።»

ገንዘቡን ተቀብሎኝ እንኳ ዐይኑን ከኔ አላነሣም።

እንዲህ ሆኖ ፊቷን ያላየኋትን ሴት ትከሻዋን አወቅሁት፤ የክንዷን ርዝመት፣ የወገቧን ቅጥነት አወቅሁ። ጨርቁን ሳልቆርጥ በገመዱ ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሥራው በሁለት ወር የሚያልቅ ነበር። አላለቀም፤ እንዲያልቅ ስላልፈለግሁ ነው። አንድ አበባ በጨረስኩ ቁጥር ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ፤ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ እየተንሿሿ መልሷ ይመጣል።

«ዛሬ ምን በላህ?» ትለኛለች።

«የበቆሎ እሸት። ጥብስ።»

ውኃው ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይሰማል። ከዚያ «እስኪ ሽታውን ላክልኝ» ትላለች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እኔ ሳልጠይቃት ስለ እናቷ ታወራኛለች። አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተዋል፤ ወንድምም እህትም የላትም። እናቷ፣ እማማ እናኑ፣ ብቻቸውን ናቸው። እኔና እሷ የተነጋገርነው ይኸው ነበር፦ ስለ ክር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ዝናብ። በልቤ ያለውን ስም አላወጣሁለትም። ስትገባ ቀሚሱን ለብሳ አያታለሁ፣ ያኔ የምለውን አውቃለሁ ብዬ አቆየሁት።

በክረምቱ ኢንተርኔት ጠፋ። መጀመሪያ ለቀን፣ ለሁለት ቀን የሚመስል ነበር፤ ከዚያ ሰው ስልኩን አውጥቶ መመልከትም ተወ። ትዕዛዙ ሁሉ ቆመ። መንገዱም ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ከየሻረግ ጋር የሚያገናኘኝ ያ ቻናል ብቻ ነበር፤ ስልክ ቁጥሯን አልያዝኩም። ዝም ያለው እሷ ትሁን ኔትወርኩ ይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሥራ ስለሌለኝ ቀሚሱን ጨረስኩት። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት፤ አንድም ቦታ የቸኮለ ክር የለበትም። በራችን ላይ ሰቅዬ ፎቶ አነሣሁት፤ የምልክበት ባይኖርም።

መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። እናቴ ቀሚሱን በነጠላዋ ጠቀለለችልኝ። «ሰው ልጁን ሲጠብቅ ልብሱ አይዘግይበት፤ ሂድ» አለችኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ሽንዲ በመኪና ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። በግራም በቀኝም ኑግ አብቧል። ጥቅሉን ከፈት እያደረግሁ ክሬን ከማሳው ጋር አስተያየሁት። አልሳትኩም፤ በራሴ ኮራሁ።

መንደሩ አፋፍ ላይ ሁለት ሽማግሎች አገኘሁ። አንዱ ቄስ ናቸው፤ ሌላው ጋቢያቸውን የተከናነቡ ረጅም ሰው።

«እንደምን ዋላችሁ። የእማማ እናኑ ቤት በየት በኩል ይሆን?»

«እግዜር ይመስገን። ማን ብለን እንንገር የኔ ልጅ?» አሉ ረጅሙ።

«ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣሁት። የልጃቸውን የየሻረግን ቀሚስ ይዤ።»

ቄሱ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ረጅሙ ሰው ክንዴን ያዙና ከአንድ ዋርካ ሥር አስቀመጡኝ። አያ ሙላት ይሉኛል፣ የእናቷ ወንድም ነኝ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የየሻረግን ሞት ነገሩኝ። እዚያው ቤይሩት የምትሠራ የአገራቸው ልጅ ሽንዲ ላለ ዘመዷ ደውላ ነው የሰሙት። አንዱ ታማ ነው ይላል፣ ሌላው ወድቃ ነው ይላል፤ እውነቱ እስከ ዛሬ አልደረሰንም። እዚያው ቀብረዋታል።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ጥቅሉን ደረቴ ላይ አጥብቄ መያዜን ነው።

«እናኑ አታውቅም» አሉኝ አያ ሙላት። «ዘመድ እስኪሰበሰብ ይዘነው ነው። መርዶው ነገ ጎሕ ሲቀድ ነው።»

በኛ አገር እንዲህ ነው። ለብቻው ላለ ሰው መርዶ ዝም ብሎ አይጣልበትም። ሩቅ ያለው ዘመድ ይጠራል፣ በጎረቤት ቤት እህልና ውኃው ይሰናዳል፣ የሚይዘው ክንድ ይዘጋጃል፤ ከዚያ በማለዳ ይነገራል። እስከዚያው የሚያውቀው ሁሉ የማያውቅ ይሆናል። ውኃ ሲቀዳ ሰላም ይላል፣ እሳት ሊጭር ይገባል፣ ይጨዋወታል። ከዚህ የከበደ ደግነት አላውቅም።

«እንግዲያው ልመለስ፤ ቀሚሱን እናንተ ያዙት» አልኩ።

«መንደሩ አይቶሃል ልጄ። ቀሚስ የያዘ እንግዳ መጥቶ ከአፋፍ ተመለሰ ከተባለ አሁኑኑ ታውቀዋለች። ግባ። ሲሰጡህ ብላ። ከሳቀች ሳቅ። አንድ ምሽት ነው፤ ይህችን ምሽት ስጣት።»

እማማ እናኑ ትንሽ፣ ቀልጣፋ ሴት ናቸው። ግድግዳውን በነጭ አፈር እየቀቡ ነበር፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኗል። ልጃቸው ልትገባ ነዋ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጃቸውን ሳይታጠቡ ጉንጬን ያዙት። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና የኑግ ፍትፍት አቀረቡልኝ። «ብላ እንጂ! ከተማ ሰው አፉ እንደ ወፍ ነው» እያሉ ያጎርሱኛል። ጉርሻውን በውኃ አወረድኩት።

እጃቸውን ታጥበው ጥቅሉን ፈቱ። ከዚያ አበባዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። «ኑጋችን ነው» አሉ። ሳልነግራቸው።

ቀሚሱን ይዘው ወደ ቤቱ ምሰሶ ሄዱ። ምሰሶው ላይ አንድ ጉጥ አለ። «ስትሄድ ጆሮዋ እዚህ ነበር። አጭሯ የሻረግ ነበር የሚሏት፤ በኔ ወጥታ» አሉኝ። የቀሚሱን ጫፍ ለቁርጭምጭሚት ያህል ከመሬት ከፍ አድርገው ትከሻውን ወደ ላይ ሳቡት። ትከሻው ጉጡ ላይ ደረሰ።

«አይረዝምም እንዴ ልጄ?»

«ልኳ ነው እማማ። ራሷ ለክታ ነው የላከችልኝ።»

«በምን ለካችው?»

«በቻርጀር ገመድ።»

ሳቁ። ምሰሶውን ተደግፈው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም አያ ሙላት እንዳዘዙኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቃቸው ሲበርድ ትከሻውን እንደገና አዩትና ድምፃቸው ተለወጠ።

«አድጋለች!» አሉ። «ጆሮዋ በነበረበት ትከሻዋ ደርሷል! እኔ እኮ የሰው አገር እህል ባይስማማት፣ ቀጭጫ ብትመጣብኝ እያልኩ ስፈራ ነበር። አድጋልኛለች!»

ወደ በሩ ወጥተው ጎረቤታቸውን ጠሩ። ጎረቤቲቱ መጥታ ደፍ ላይ ቆመች፣ ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየችኝ። ታውቅ ነበር።

«እሰይ! ቁመቷ እንዴት ያምር!» አለች። «ልጅ አለቀሰብኝ፣ መጣሁ» ብላ ወዲያው ዞረች። የሚያለቅስ ልጅ አልነበረም።

ሲነጋጋ የብዙ እግር ኮቴ ሰማሁ። ንግግር የለም፣ ኮቴ ብቻ። አያ ሙላት ከውጭ «እናኑ፣ እስኪ ብቅ በይ» አሉ። እማማ እናኑ በሩን ከፍተው ቆሙ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ማንም ቃል ሳያወጣ አወቁት። የትናንቱ ነጭ አፈር ጥፍራቸው ሥር ቀርቶ ነበር፤ እኔ ያየሁት እሱን ነው፤ ሌላውን ማየት አልቻልኩም።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በአገሩ ልማድ የሟች ልብስ ይወጣል፤ የሻረግ ግን ከቤት የተወችው የልጅነት ልብስ ብቻ ነው። ቀሚሱን በዘንግ ላይ አድርገው አወጡት። ከማሳው የመጣ ነፋስ ሞላው፤ ደረቱም ክንዱም ሰው የገባበት መሰለ። እኔ በጨርቁ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት ሴት ከሰው በላይ ከፍ ብላ፣ ፊት የሌላት፣ ከኑጉ ማሳ ፊት ለፊት ቆመች። እማማ እናኑ በሁለት ሴቶች ተይዘው ከሥሯ ቆሙና እንዲህ አሉ፦

ልክሽን አውቆ ሰፋው መልክሽን ያላየ ሰው፣
እኔ የወለድኩሽ እናት ማንን ላልብሰው።

ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። መሬቱን አየሁ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ረጅም ጊዜ መርፌ አላነሣሁም። ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከተማው ሁሉ በደስታ ስልኩን ከፈተ፤ የተጠራቀመው መልእክት እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። ከመሐሉ የየሻረግ ድምፅ ነበር፤ ኔትወርኩ በጠፋ ሰሞን የላከችው። ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ሰው ከማያልፍበት ግንብ ሥር ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ውኃው ይንሿሿል።

«ይበልጣል፣ ጠፋህ እኮ። ስማኝማ፣ አንድ ነገር ሳልነግርህ። ያ የለካሁበት ገመድ ሙሉ አይደለም። ጫፉ ተቃጥሎ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ ዛሬ ከማዳም ልጅ ገመድ ጋር ሳስተያየው ነው ያወቅሁት። ከግማሽ ክንድ ትንሽ ያንሳል ያጠረው። እንዳታስረዝምብኝ! እኔ እንደሆንኩ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ አንዲት ጣት አልጨመርኩም፤ ያው አጭሯ የሻረግ ነኝ።» ሳቀች። «ማዳም ጠራችኝ፤ በኋላ።»

በኋላ የሚል ነበር የመጨረሻ ቃሏ። ሌላ መልእክት የለም።

እነሆ ዓመታት አለፉ። ሱቁን ቡሬ ላይ ከፈትኩ፤ ቻናሉም ተመልሶ ይሠራል፤ በራችን ላይ ያነሣሁትን ያን ፎቶም ኢንተርኔቱ ሲመለስ ለጥፌበታለሁ፤ ከኔ ጋር የሚሰፉ ሁለት ሴቶች አሉ። አንድ ጣት የሳተ ጨርቅ ዛሬም እፈታለሁ፤ ሴቶቹ «ማን ያየዋል?» እያሉ ያማርሩኛል። በጥቅምት በጥቅምት ሽንዲ ወርጄ እማማ እናኑን እጠይቃለሁ። ቀሚሱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ በኩራዝ ጢስ እንዳይጠቁር በነጠላ ይሸፍኑታል። እንግዳ ሲመጣ ይገልጡታል። ከጉጡ በላይ ደግሞ በቢላዋ አዲስ ምልክት አበጅተዋል፤ ከትከሻው ላይ ጆሮዋን ገምተው። «እዚህ ደርሳ ነበር» ይላሉ፤ እጃቸውን ወደዚያ ለመድረስ በእግራቸው ጣት ይቆማሉ። «እኔ አላየሁም እንጂ፣ እዚህ ደርሳ ነበር።» አጠገባቸው ቆሜ ቡናዬን እጠጣለሁ። ሰው ከልጁ የሚቀርለት ምንድን ነው? ለእማማ እናኑ የቀረላቸው ያ ቁመት ነው። በእናት ዐይን ፊት ያደገችውን ልጅ በሜትር የሚያሳጥር እጅ የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ስልኬን ከጨርቁ ክምር ላይ አነሣሁ። ለጠዋቷ ሴት «ያ ቀሚስ ባለቤት አለው፤ ከፈለግሽ ግን ሌላ እሠራልሻለሁ» ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰችልኝ። «እንግዲያው ያንኑ የሚመስል ሥራልኝ። ግን እኔ ቁመቴ ረዘም ይላል። ባለቤቱ ረጅም ናት?»

የበርበሬው ጋሪ አለፈ። ዐይኔን በክንዴ ጠረግሁ።

«አዎ» አልኳት። «ረጅም ናት።»